ንባብ ስለሚከብደው ልጅ፤ ለመምህራንና ፊደል ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1ኛ፤ መግቢያ

በየትምህርት ቤቱ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል፥ ነገር ለመስማትና ለማስተዋል ፈጣን ሆኖ ሳለ ንባብ ብቻ የሚከብደው ልጅ አይታጣም። ይህ ልጅ የከብቶቹን ቁጥርና መልክ አንድ በአንድ ያውቃል፤ የሰማውን ተረት ሳያዛንፍ ይመልሳል፤ ወደ ገበያ ቢላክ የተሰጠውን ገንዘብና የተረፈውን መልስ ቆጥሮ ያስረክባል። መጽሐፍ በተዘረጋለት ጊዜ ግን ዓይኑ ይቅበዘበዛል፥ አንደበቱ ይያዛል፥ ፊቱን ላብ ያጠምቀዋል። ጓደኞቹ በአንድ ዓመት ያለፉትን ገጽ እርሱ በሁለትና በሦስት ዓመት አያልፈውም።

እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ከሦስት ስም አንዱ ይሰጠዋል፤ ወይ ሰነፍ፥ ወይ ደንቆሮ፥ ወይ ዓይነ ጥላ ያለበት ይባላል። ሰነፍ ነው ያለው ሰው ይመታዋል፤ ደንቆሮ ነው ያለው ከትምህርት አስወጥቶ ወደ ከብት ጥበቃ ይመልሰዋል፤ ዓይነ ጥላ አለበት ያለውም መድኃኒት ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ያንከራትተዋል። ከሦስቱ ስሞች አንዱም ልጁን ንባብ አላስተማረውም። ከሁሉም የሚከፋው ልጁ ራሱ የተሰጠውን ስም አምኖ መቀበሉ ነው፤ ሰነፍ ነህ ሲባል የኖረ ልጅ መሞከርን ይተዋልና።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው፥ ወላጅ ስለ እንደዚህ ያለ ልጅ እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ መምህሩ ምን እንዲመረምር፥ ምን ብሎ እንዲመልስ፥ ልጁንም እንዴት አድርጎ እንዲያስተምር ለማስረዳት ነው።

2ኛ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ታወቀ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896፥ በኖቬምበር ወር፥ ይኸውም በእኛ በ1889 ዓ.ም. ከአድዋ ድል 8 ወር ያህል ቆይቶ፥ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገሩ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ስለ አንድ ልጅ ጻፈ። የልጁ ስም ፐርሲ፥ ዕድሜውም 14 ዓመት ነበረ። ብልህና በጨዋታ ፈጣን፥ ከእኩዮቹም በምንም የማያንስ ነበረ። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ በትምህርት ቤትና በግል አስተማሪዎች ዘንድ ሲማር ቢኖርም፥ ከጥቂት አጫጭር ቃላት በቀር ሊያነብ አልቻለም። የገዛ ስሙን እንኳ በጻፈ ጊዜ ፊደሎቹን አዛውሮ «ፕሬሲ» ብሎ ጻፈው፤ ስሕተቱንም ደጋግመው እስኪያሳስቡት ድረስ አላስተዋለውም።

ሐኪሙ ልጁን በቁጥር በፈተነው ጊዜ ግን የተለየ ነገር አየ። ልጁ ታላላቅ ቁጥሮችን ያለ ችግር አነበበ፤ 749ን በ867 አባዛ ቢለውም ፈጥኖ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ፤ ይኸውም 649,383 ነው። ለብዙ ዓመት ያስተማረው መምህርም፥ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ልጅ ይሆን እንደ ነበረ መሰከረ። ሞርጋን ከዚህ የተነሣ ችግሩ ከልጁ ጋር የተወለደ እንጂ በስንፍና ወይም በቸልታ የመጣ አይደለም ብሎ ፈረደ።

ከእርሱ በኋላ ጄምስ ሂንሸልውድ የተባለ የስኮትላንድ የዓይን ሐኪም ይህን የመሰሉ ብዙ ልጆችን መርምሮ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳተመ። በአሜሪካም ሳሙኤል ኦርተን የተባለ ሐኪም ከ1925 ጀምሮ በዚሁ ነገር ደከመ፤ ከእርሱም ጋር አና ጊሊንግሃም የተባለች መምህርት ዓይንን፥ ጆሮንና እጅን በአንድነት የሚያሠራ የማስተማሪያ መንገድ አዘጋጀች። ዛሬ ይህ ችግር በዓለም ሁሉ የሚጠራበት ስም ዲስሌክሲያ ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው የቃል ችግር ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ የጀርመን የዓይን ሐኪም ነው፤ እርሱ ግን በመጀመሪያ የሰጠው በአንጎል ሕመም ምክንያት ንባብ ለጠፋባቸው ጐልማሶች ነበረ፤ ኋላ ለልጆችም ሆነ።

3ኛ፤ ችግሩ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ

ነገሩን አስቀድመው ከመረመሩት መካከል የዓይን ሐኪሞች ነበሩ፤ ችግሩም የቃላትን መልክ በአእምሮ በመያዝ ላይ ይመስላቸው ነበር። ኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ታወቀው ግን፥ የብዙዎቹ ልጆች ችግር በማየት ላይ አይደለም፤ የንግግርን ድምፅ ከፋፍሎ ለይቶ ከፊደሉ መልክ ጋር በማገናኘት ላይ ነው። ንግግር ለሕፃን ሳያስተምሩት የሚመጣ ነው፤ ንባብ ግን ሰው ያወጣው ጥበብ ስለ ሆነ ሁሉም በመማር ያገኘዋል። በዚህ ልጅ አእምሮ ውስጥ ድምፁን ከፊደሉ ጋር የሚያያይዘው መንገድ ጠባብ ነውና፥ ሌላው በአምስት ጊዜ የሚይዘውን እርሱ በሃምሳ ጊዜ ይይዘዋል።

ችግሩ በዘር ይወርዳል፤ ስለዚህ አባት ወይም እናት፥ አጎት ወይም አክስት በልጅነታቸው ፊደል አስቸግሯቸው እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በወንድም በሴትም ላይ ይታያል። በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ግምት እንደ መለኪያው ቢለያይም፥ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ይነገራል። እንግዲህ 60 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። ለመምህሩ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

ይህ ችግር የማስተዋል ማነስ አይደለም። የፈቃድ ማነስም አይደለም። በዱላም አይለቅም፤ ፍርሃት የያዘው ልጅ የሚያውቀውን እንኳ ይረሳልና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት የተጠበቀ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ልጅ ንባብ አልሆነለትም ብሎ መምታት፥ የማይጠቅም ከመሆኑም በላይ ሕግ መተላለፍ ነው።

4ኛ፤ በቃል መያዝና ማንበብ ልዩ ልዩ ስለ መሆናቸው

ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ በዜማ ሲወርድ፥ ፊደሉን የሚለየው ዓይኑ ነው ወይስ ዜማው አንደበቱን እየመራው ነው? የቀድሞ መምህራን ይህን ልዩነት አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በስንጥር እያመለከቱ ፊደሉን ከላይ ወደ ታች፥ ከታች ወደ ላይ፥ ከቀኝ ወደ ግራም ይጠይቁ ነበር። ከሀ ሁ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳም «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ተራውን ስለሚያፈርሰው፥ ልጁ የለመደውን ዜማ ትቶ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ እንዲለይ ያስገድደዋል።

ንባብ የሚከብደው ልጅ ብዙ ጊዜ ቃል የመያዝ ኃይሉ ብርቱ ነው። 33ቱን ፊደላት በ7 በ7 አድርጎ 231ዱን ያለ ስሕተት ያዜማል፤ የመጽሐፉንም ገጽ ጓደኛው ሲያነብ ሰምቶ በቃሉ ይይዘውና እያየ የሚያነብ ይመስላል። መምህሩም ወላጁም በዚህ ይታለላሉ። ነገሩ የሚገለጠው ልጁ ሰምቶት የማያውቀው ገጽ በፊቱ በተዘረጋ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜም መምህሩ ትላንት ያነብ የነበረው ልጅ ዛሬ እምቢ አለ ብሎ ይቆጣል። ልጁ ግን ትላንትም አላነበበም።

ስለዚህ መምህሩ የሚጠራጠረውን ልጅ ለብቻው፥ ያለ ቁጣ፥ በሚከተሉት አምስት ፈተናዎች ይመርምረው።

1. ፊደሎችን ያለ ተራ በስንጥር እያመለከተ ይጠይቀው። ተራውን ሳያዜም ሊመልስ የማይችል ከሆነ ይጻፍ።

2. መልካቸው የሚቀራረበውን ፊደሎች ይጠይቀው፤ እንደ ሰና ሸ፥ እንደ ተና ቸ፥ እንደ ደና ጀ፥ እንደ ነና ኘ ያሉትን። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀንና ሐን፥ ሰንና ሠን፥ አንና ዐን፥ ጸንና ፀን በመጻፍ ማሳሳት ግን ምልክት አይደለም፤ በዚህ ታላላቆችም ይሳሳታሉና።

3. መጽሐፉን ዘግቶ በጆሮ ብቻ ይፈትነው። «ሰላም ከሚለው ቃል ሰን ብናወጣ ምን ይቀራል?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱ ላም ነው። «ገበሬ ከሚለው ገን ብናወጣስ?» መልሱ በሬ ነው። ችግሩ ያለበት ልጅ ላምና በሬ ሲጠብቅ የዋለ ሆኖ ሳለ ይህን ለመመለስ ይጨነቃል።

4. ሰምቶት የማያውቀውን አጭር ገጽ ያስነብበው። የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ የቀረውን በግምት የሚሞላ፥ ወይም «መከረ» የሚለውን «ከመረ» እያለ ፊደል የሚያዛውር፥ ወይም አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ በሦስት ዓይነት የሚያነብ ከሆነ ይጻፍ።

5. ያንኑ የሚመስል ሌላ ገጽ መምህሩ ራሱ አንብቦለት ትርጓሜውን ይጠይቀው። በጆሮው የሰማውን አሟልቶ ቢመልስ፥ ነገር ግን ራሱ ለማንበብ የሞከረውን ምንም ባይመልስ፥ ከአምስቱ ሁሉ ታላቁ ምልክት ይህ ነው።

አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያው ዓመት ፊደል የማያዛውር ልጅ የለም። የሚያጠራጥረው እኩዮቹ ካለፉት በኋላ፥ በሚገባ እየተማረ ሳለ፥ በዚያው ስፍራ የቀረው ልጅ ነው።

5ኛ፤ ወላጅ በመጣ ጊዜ

አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ መምህሩ መጥቶ እንዲህ አለ እንበል፤ «የኔታ፥ ይህ ልጅ በቤት ሲሆን ብልህ ነው፤ ከመጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ ግን ምን እንደሚነካው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላልሶ አንድ ገጽ አላነበበም። እንግዲህ ከብት ቢጠብቅ ይሻለኛል፤ አለዚያም ከአዋቂ ዘንድ ልውሰደው።»

ይህ አባት ልጁን የጠላ አይደለም፤ መንገድ የጠፋበት ነው። መምህሩ «ልጅዎ ሰነፍ ነው» ብሎ ቢያሰናብተው በዚያው ቀን ልጁ ከትምህርት ይወጣል። ስለዚህ በአክብሮት አስቀምጦ «አባቴ፥ ልጁን ከማስወጣትዎ በፊት ሦስት ወር ይስጡኝ፤ አስቀድመው ግን የምጠይቅዎን ይንገሩኝ» ይበለው። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው።

ልጁ ከሩቅ የቆመ ሰው ይለያልን? ዓይኑን ያመዋልን፥ ያለቅሰዋልን? ከኋላው ሲጠሩት ይሰማልን? ጆሮው መግል ይወጣዋልን? አፉን የፈታው መቼ ነው? በቤት የሚነገረው ቋንቋ ትምህርቱ ከሚሰጥበት ቋንቋ የተለየ ነውን? በመከርና በእርሻ ጊዜ ስንት ቀን ከትምህርት ይቀራል? ቁርስ በልቶ ይመጣልን? ከዘመድ መካከል ፊደል አስቸግሮት የነበረ ሰው አለን?

ዓይኑን ወይም ጆሮውን የሚያመው ልጅ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ማዝ ለልጆች ዓይን የታወቀ ጠላት ነውና። የቤቱ ቋንቋ ሌላ የሆነው ልጅ የሚያስፈልገው ቋንቋውን መማር ነው። ከመንፈቁ ትምህርት የቀረውም ያመለጠውን መካስ ነው። እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ምክንያት ያልተገኘበት፥ በአምስቱም ፈተናዎች ምልክት የታየበት ልጅ ከሆነ ግን፥ መምህሩ ለወላጁ በግልጥ እንዲህ ብሎ ይንገረው፤ «ልጅዎ ብልህ ነው፤ ፊደል ብቻ ይከብደዋል፤ ይህም ከእርሱ ጥፋት አይደለም፤ ቀስ ብሎና በሌላ መንገድ ይማራል።» ይህንንም ልጁ በሚሰማበት ስፍራ ይናገረው።

6ኛ፤ ስለ አስተማማሩ

1. ፊደሉን በተራ ሁሉ ከማስኬድ ይልቅ ጥቂት ፊደል መርጦ ወዲያው ቃል ማድረግ ይገባል። ሰ፥ ላ፥ ምን ያስተማረ መምህር በዚያው ቀን «ሰላም» እና «ላም» ያስነብባል። ገ፥ በ፥ ሬን ሲጨምርም «ገበሬ» እና «በሬ» ይነበባል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ዓይኑ ቃል ማንበቡን ሲያውቅ ልቡ ይመለሳል።

2. ዓይን፥ ጆሮ፥ አንደበትና እጅ በአንድነት ይሥሩ። ልጁ ፊደሉን በአሸዋ ወይም በአመድ ላይ በጣቱ እየጻፈ፥ ያንጊዜውኑ ድምፁን ጮክ ብሎ ይናገር። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ መሣሪያ ነው።

3. የሚመሳሰሉ ፊደሎች በአንድ ቀን አይሰጡ። ሰ እስኪጸና ድረስ ሸ ይቆይ፤ በመጣም ጊዜ ልዩነቱ በራሱ ላይ ባለው መስመር መሆኑ በጣት ይታይ።

4. የቅርጹ ለውጥ በግልጥ ይነገር። የቡ ምልክት በቀኝ ወገቡ፥ የቢ ምልክት በቀኝ እግሩ ጫፍ፥ የቤ ምልክት ደግሞ በቀኝ እግሩ ያለው ቀለበት ነው። ሌላው ልጅ ይህን ሳይነገረው ይደርስበታል፤ ይህ ልጅ ግን ካልተነገረው አይደርስበትም። እንደ ሩና እንደ ሪ ያሉት ከደንቡ የወጡት ለብቻቸው ይሰጡ።

5. በጽሕፈት የማይታየውን መጥበቅና መላላት በአፍ ማስለመድ ያስፈልጋል። «አለ» የሚለው ሲላላ የተናገረ፥ ሲጠብቅ የሚገኝ ማለት ነው። ልጁ ቃሉን ብቻውን አይቶ ቢሳሳት አይነቀፍ፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ እንዲያስተካክል ይጠበቅ።

6. በየቀኑ 15 ደቂቃ፥ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይበልጣል። አዲስ ነገር ከመስጠት በፊት የትላንቱ ይደገም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

7. ልጁን ሳይዘጋጅ በጓደኞቹ ፊት አያስነብቡት። የሚያነበው ገጽ ከዋዜማው ይሰጠው። የታሪክና የሳይንስ ፈተናውን መምህሩ ቢችል በቃል ይጠይቀው፤ የሚመረመረው የታሪክ እውቀቱ እንጂ የንባብ ፍጥነቱ አይደለምና።

8. ክፍሉ ብዙ ሕዝብ ሆኖ መምህሩ ለአንዱ ልጅ ጊዜ ባያገኝ፥ የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ይርዳው፤ በዚያ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ትዕግሥት ያለው፥ የማይሳለቅ አንድ ተማሪ ተመርጦ ይሰጠው።

9. መምህሩ ልጁ ያወቃቸውን ፊደሎችና ቃላት ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። በሦስተኛው ወር ወላጁ ተጠርቶ ደብተሩ ይነበብለት። ለውጥ ካልታየ ደብተሩ ለርእሰ መምህሩና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ መምህር እንዲያየው ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ እንደ እኩዮቹ ፈጥኖ ያነባል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በዝግታ ያነባሉ። ነገር ግን ያነባሉ፤ ደብዳቤያቸውን ለሌላ ሰው ሳያሳዩ፥ ውላቸውንም ሳይታለሉ ይፈርማሉ።

7ኛ፤ ወላጆችና ሽማግሌዎች በቤት ስለሚያደርጉት

ወላጅ ልጁን ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር አያስተያየው። «እርሷ ታናሽህ ሆና አነበበች» የሚለው ቃል ከአለንጋ ይልቅ ይገርፋል። የሚችለውን ሥራ፥ ቆጠራም ቢሆን መልእክትም ቢሆን፥ በሰው ፊት ያመስግንለት። ከብት የሚጠብቅም ከሆነ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሁን።

በመንደሩ ፊደል የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፥ በየማታው ሩብ ሰዓት ልጁን ከአጠገቡ አስቀምጦ አንድ መስመር እርሱ፥ አንድ መስመር ልጁ እያሉ ያንብቡ። ልጁ ቢሳሳት ሽማግሌው ቃሉን አቅንቶ ይስጠውና ይለፉ። ከዚያም በኋላ ረጅም ታሪክ ያንብብለት፤ ንባቡ ስለ ዘገየ እውቀቱ እንዳይዘገይ።

ስለ መድኃኒትም ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ጸሎትና ጸበል የየሰው እምነት ስለ ሆነ መምህሩ አይከለክልም፤ ልጁን ከትምህርቱ እንዳያስቀሩት ብቻ ይለምናል። ትምህርት ይገልጣል እየተባለ የሚሰጠው አብሾ ግን ሊከለከል ይገባል። አብሾ የሚዘጋጀው አስተናግር ከሚባለው መርዛም ተክል ነው። ይህ ተክል የሌለውን ነገር ያሳያል፥ ያስለፈልፋል፥ የልብን ምት ያናውጣል፤ ሲበዛም ይገድላል። ንባብ የከበደው ልጅ አእምሮው ጤነኛ ነው፤ አብሾ ያንን ጤነኛ አእምሮ ሊያሳጣው ይችላል። ልጅ ይህን መጠጣቱ ከታወቀ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

8ኛ፤ በመምህራን ስብሰባ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ፊደል በዜማ የሚወጣን ልጅ ያነባል ብሎ መፍረድ ስለ ምን አይገባም?

2. ሐኪሙ ሞርጋን ስለ መረመረው ልጅ መምህሩ የሰጠው ምስክርነት ምን ነበረ? በእያንዳንዱ መምህር ክፍል ይህ ምስክርነት የሚገባው ልጅ ማን ነው?

3. ንባብ የከበደው ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት የማይባልባቸው ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?

4. ሰ፥ ላ፥ ም፥ ገ፥ በ፥ ሬ ካወቀ ልጅ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት የትኞቹ ሦስት ፊደሎች ቢጨመሩ ብዙ ቃላት ይነበባሉ? ቃላቱ በሰሌዳ ይጻፉ።

5. ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ከወጡት ልጆች መካከል በንባብ ምክንያት የወጡት እነማን ናቸው? ወደ ወላጆቻቸው ቤት ማን ይሂድ፥ በየትኛውስ ቀን?